የሸራ ጀልባ የጠረፍ ጉዞን በነፋስና በባሕር ሙላት ሰዓት ማቀድ፦ ከመድረሻው ወደ መነሻው የሚሠራ ስሌት

የጠረፍ ጉዞ ዕቅድ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ነው። «ነገ በስንት ሰዓት እንነሣ?» ይባላል፤ ለሁሉም የሚመች ሰዓት ይመረጣል፤ ነፋሱና ውኃው ለዚያ ሰዓት እንዲገዙ ይጠበቃል። የመነሻ ሰዓት ግን መጨረሻ ላይ የሚገኝ መልስ ነው። መጀመሪያ በመንገዱ ላይ ውኃው የሚያሳልፍበትና የማያሳልፍበት ቦታ ይለያል፣ የዚያ ቦታ ሰዓት ይታወቃል፣ ከዚያም ወደ ኋላ እየተቆጠረ መልሕቅ የሚነሣበት ደቂቃ ይገኛል።

መመሪያው ጀልባ መንዳት ለሚያውቁ፣ ነገር ግን ከ20 እስከ 40 የባሕር ማይል የሚደርስ የቀን ጉዞ ሲያቅዱ ስሌቱ ለሚበላሽባቸው የተጻፈ ነው። ሰዓቶቹ ሁሉ በሰንጠረዦች ላይ እንዳሉት በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው፤ ስለዚህ 07:15 ማለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። የውኃውን መጨመር «ሙላት»፣ መቀነሱን «ሽሽት»፣ ወደ ጎን የሚጓዘውን ውኃ ደግሞ «ፍሰት» እላለሁ። ሦስቱን ማምታታት የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው።

ደረጃ 1፦ ጠረጴዛውን ያዘጋጁ

የሚያስፈልጉት እርማት የተደረገበት የባሕር ካርታ፣ የዓመቱ የሙላት ሰንጠረዥ፣ የፍሰት አትላስ፣ ስለ ወደቦቹ መግቢያ የሚናገር የጠረፍ መመሪያ መጽሐፍ፣ ቢያንስ ከሁለት ምንጭ የተገኘ የነፋስ ትንበያ፣ እርሳስና ወረቀት ናቸው። የስልክ መተግበሪያ ጥሩ ረዳት ነው፤ ሆኖም ስሌቱን አንድ ጊዜ በእጅዎ ካልሠሩት መተግበሪያው ሲሳሳት አያውቁትም።

ሰንጠረዡን ከመክፈትዎ በፊት ገጹ ግርጌ ወይም ራስጌ ላይ የተጻፈውን የሰዓት ቀጠና ያንብቡ። ብዙ ሰንጠረዦች በዓለም አቀፉ ሰዓት ወይም በአገሩ መደበኛ ሰዓት የታተሙ ስለሆኑ፣ በጋ ላይ ሰዓት ወደፊት በሚገፋበት አገር አንድ ሰዓት መጨመር ግድ ነው። ይህችን መስመር አንድ ጊዜ ዘልያታለሁ። ወደብ መግቢያ ላይ ስደርስ ውኃው እኔ ካሰብሁት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነበር፤ መጀመሪያ የመሪው እጀታ በእጄ ውስጥ ከበደኝ፣ ከዚያ ከጀልባዋ በስተኋላ የነበረው ነጭ አረፋ ቡናማ ሆነ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሲኒ ቀስ እያለ ወደ ግራ ተንሸራተተ። ጭቃ ላይ ቆመን ነበር። ደግነቱ ውኃው እየሞላ ስለነበር ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ አነሣን።

ስለ ራስዎ ጀልባም ሦስት ቁጥሮች ይጻፉ፦ ሙሉ ጭነት ይዛ ወደ ውኃ የምትጠልቅበትን ልክ፣ በመካከለኛ ነፋስ በእውነት የምትሄድበትን አማካይ ፍጥነት፣ በሞተር ስንት ሰዓት የሚያስኬድ ነዳጅ እንዳለ። ፍጥነቱን ካለፉት ጉዞዎችዎ ይውሰዱ። ጥርጣሬ ካለ ግማሽ ኖት (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው) ይቀንሱ።

ደረጃ 2፦ በሮቹን ያግኙ

መንገዱን በካርታው ላይ በቀጭን መስመር ያስምሩና ሰዓት የሚጠይቁ ቦታዎችን ብቻ ያክብቡ። እነዚህን «በር» ብዬ እጠራቸዋለሁ፤ ክፍት የሚሆኑበትና የሚዘጉበት ሰዓት አላቸውና። በአብዛኛው ከሚከተሉት አንዱ ናቸው፦

- ወደ ባሕር የገባ የመሬት ጫፍ፤ ፍሰቱ እዚያ ተጨምቆ ስለሚፈጥን።
- በደሴትና በየብስ መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ።
- አሸዋ የሞላው የወንዝ አፍ፣ ወይም ዝቅተኛ ውኃ ላይ ጥልቀት የማይበቃው የወደብ ደፍ፣ ማለትም መግቢያው ላይ ከፍ ያለ የባሕር ወለል።
- መብራት የሌለው፣ በቀን ብርሃን ብቻ የሚገባበት ወደብ።

ከሁሉ የጠበበው በር ጉዞውን ይገዛል። ሁለት በሮች ከተጋጩ፣ ማለትም አንደኛው ክፍት ሆኖ ሌላው ላይ ሲደርሱ የተዘጋ ከሆነ፣ መካከል ላይ መልሕቅ የሚጣልበት ቦታ ይፈልጉ ወይም ቀኑን ይቀይሩ። ከፍተኛ ውኃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ፣ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ብቻ የተጋጩትን በሮች ሊያስታርቅ ይችላል።

ደረጃ 3፦ የውኃውን ከፍታ ያስሉ

እስከ መጨረሻው የምንይዘው ምሳሌ ይኸውና። ጉዞው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ርዝመቱ 32 የባሕር ማይል ነው። በ20ኛው ማይል ላይ የመሬት ጫፍ አለ፤ መድረሻው ወደብ ደፍ ላይ ካርታው 0.6 ሜትር ጥልቀት ያሳያል፤ ይህ ውኃው እጅግ ዝቅ ሲል የሚቀረው ነው፣ የሰንጠረዡ ከፍታ በዚያ ላይ ይደመራል። ጀልባዋ 1.8 ሜትር ትጠልቃለች፣ አማካይ ፍጥነቷ 5 ኖት ነው። መነሻው ወደብ ሁልጊዜ ጥልቅ ነው።

1. ጀልባዋ የምትጠልቅበትን 1.8 ሜትር ይጻፉ፤ ለጥንቃቄ 0.8 ሜትር ይጨምሩ። ድምሩ 2.6 ሜትር ነው። ማዕበል የሚገባበት መግቢያ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ይጨምሩ፤ ጀልባዋ በሁለት ሞገድ መካከል ስትወርድ የሚነካው የታችኛው ጫፏ ነውና።
2. ካርታው ያሳየውን 0.6 ይቀንሱ። ሙላቱ ሊሰጥዎ የሚገባው 2.0 ሜትር ነው።
3. ከሰንጠረዡ የመድረሻውን ቁጥሮች ያውጡ፦ ዝቅተኛ ውኃ 11:15 ላይ 0.9 ሜትር፣ ከፍተኛ ውኃ 17:30 ላይ 4.2 ሜትር። ልዩነቱ 3.3 ሜትር፣ የዚህም አንድ አሥራ ሁለተኛ 0.275 ሜትር ነው።
4. ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ውኃ ያለውን ጊዜ ስድስት ቦታ ይክፈሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል 62 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ውኃው በየክፍሉ 1፣ 2፣ 3፣ 3፣ 2፣ 1 አሥራ ሁለተኛ ይጨምራል። ከሁለተኛው ክፍል በኋላ ከፍታው 1.7 ሜትር፣ ከሦስተኛው በኋላ 2.55 ሜትር ነው።
5. 2.0 ሜትር የሚገኘው በሦስተኛው ክፍል አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ማለትም 13:40 ገደማ ነው። 13:45 ብለው ይያዙት።

ደፉ ከ13:45 ጀምሮ ይከፈታል። ከ17:30 በኋላም ለጥቂት ሰዓታት ውኃ አለ፤ እኔ ግን አልቆጥረውም። በሙላት የነካ ጀልባ በራሱ ይነሣል፤ በሽሽት የነካ እስከሚቀጥለው ሙላት ይጠብቃል። በተለይ ትልቁ ሙላት (በሙሉና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን የሚመጣው) አልፎ ከፍታው በየቀኑ እየቀነሰ ባለበት ሳምንት በከፍተኛ ውኃ ላይ የተቀመጠ ጀልባ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል።

*ማስጠንቀቂያ።* የአሥራ ሁለተኛ ስሌት የሚሠራው ውኃው ስድስት ሰዓት ያህል ሞልቶ ስድስት ሰዓት ያህል በሚሸሽበት ጠረፍ ብቻ ነው። በደቡብ እንግሊዝ እንዳለው ሶለንት ከፍተኛ ውኃ ሁለት ጊዜ በሚከሰትበት ቦታ ስሕተት ይሰጣል፤ እዚያ የወደቡን የራሱን የከፍታ መስመር ይጠቀሙ። የሰንጠረዡ ቁጥርም ትንበያ ነው፦ የአየር ግፊት ከ1013 ሄክቶፓስካል በላይ በወጣ ቁጥር ውኃው በየሄክቶፓስካሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ባሮሜትሩ 1033 ካሳየ ከያዙት የ80 ሴንቲ ሜትር ጥንቃቄ 20ው ሄዷል ማለት ነው። ከየብስ ወደ ባሕር ለቀናት የነፈሰ ብርቱ ነፋስም እንዲሁ ያወርደዋል።

ደረጃ 4፦ ፍሰቱን በየሰዓቱ ይጻፉ

የፍሰት አትላስ የራሱ ሰዓት የለውም፤ ገጾቹ «ከማጣቀሻው ወደብ ከፍተኛ ውኃ 5 ሰዓት በፊት»፣ «4 ሰዓት በፊት» እየተባሉ የተቆጠሩ ናቸው። ማጣቀሻው ወደብ የትኛው እንደሆነ አይተው የዕለቱን ከፍተኛ ውኃ ከሰንጠረዡ ያውጡ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም እውነተኛውን ሰዓት በእርሳስ ይጻፉ። አንድ ገጽ ከተጻፈበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት በፊትና ግማሽ ሰዓት በኋላ ያለውን ይሸፍናል። በብሪታንያው አድሚራልቲ አትላሶች ላይ ከቀስቱ አጠገብ 08,21 የሚል ቢያዩ፣ በትንሹ ሙላት ሳምንት 0.8 ኖት፣ በትልቁ 2.1 ኖት ማለት ነው። ትልቁ የሚመጣው ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ ከሆነች በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ነው።

በዚህ ደረጃ ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው።

አንደኛ፣ ወደብ ላይ ከፍተኛ ውኃ በሆነበት ሰዓት ውጭ ያለው ፍሰት ይቆማል ብለው ያስባሉ። በብዙ ጠረፎች ከፍታው መጨመር አቁሞ ፍሰቱ ግን ለሰዓታት በዚያው አቅጣጫ ይቀጥላል። ሁለቱን ከየራሳቸው ምንጭ ያንብቡ።

ሁለተኛ፣ የነፋስና የፍሰት ስም በተቃራኒ የተሰጠ ነው። ነፋስ በመጣበት ይጠራል፤ ፍሰት በሚሄድበት። የምዕራብ ነፋስና የምዕራብ ፍሰት እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ወረቀትዎ ላይ ስም ከመጻፍ ይልቅ ለሁለቱም ቀስት ይሳሉ።

በምሳሌያችን የማጣቀሻው ከፍተኛ ውኃ 17:00 ነው። ከጠዋት እስከ 12:00 ፍሰቱ ወደ ምዕራብ፣ በአማካይ 1 ኖት፣ ይቃወመናል፤ ከ12:00 እስከ 18:00 ወደ ምሥራቅ፣ በአማካይ 1.5 ኖት፣ ይገፋናል፤ ጫፉ ላይ 15:00 አካባቢ ይበረታል።

ደረጃ 5፦ ነፋሱን በፍሰቱ ላይ ያስቀምጡ

ትንበያውን ለብቻው አያንብቡ። ለእያንዳንዱ ሰዓት የነፋሱን ቀስት ከፍሰቱ ቀስት ጎን ይሳሉ። ሁለቱ ወደ አንድ ወገን ከሄዱ ባሕሩ ይረጋል፤ ከተፋጠጡ ሞገዱ ያጥራል፣ ይቆማል፣ ይሰበራል። በቦፎርት የነፋስ ብርታት መለኪያ ደረጃ 4፣ ማለትም ከ11 እስከ 16 ኖት፣ በክፍት ባሕር የሚያስደስት ነፋስ፣ 3 ኖት ከሚሄድ ተቃራኒ ፍሰት ጋር ጫፍ ላይ ሲገናኝ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ነፋሱ ደረጃ 6 ከሆነ በዚያ ሰዓት ወደዚያ አይሂዱ።

ሦስት እርማቶችም አሉ። ትንበያው የሚሰጠው አማካይ ፍጥነት ስለሆነ እስከ 40 በመቶ የሚበልጥ ድንገተኛ ነፋስ ይጠብቁ። የነፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ከ15 ወደ 21 ኖት መውጣት ሸራው ላይ የሚያርፈውን ኃይል እጥፍ ገደማ ያደርገዋል። ፀሐይ በበረታችበት ቀን ደግሞ ከረፋድ ጀምሮ ከባሕር ወደ የብስ የሚነሣው ነፋስ ከሰዓት በኋላ ይጠነክራል፤ ትንበያው ሁልጊዜ በደንብ አይይዘውም።

ፊት ለፊት የሚነፍስ ነፋስ የሰዓት ስሌቱን ጭምር ያፈርሳል። ነፋሱ ምሥራቅ ከሆነ ጀልባዋ በ45 ዲግሪ እየተመላለሰች ስለምትሄድ 20 ማይሉ 28 ይሆናል፤ ወደ ፊት የምታገኘው 3.5 ኖት ብቻ ነው፤ ተቃዋሚው ፍሰት አንድ ሲቀንስበት 2.5 ይቀራል። ጫፉ ስምንት ሰዓት ይርቃል ማለት ነው። ከጫፉ በኋላ ደግሞ ፍሰቱና ነፋሱ ይፋጠጣሉ። በእኔ አስተያየት በዚያ ቀን ጉዞው መቅረት አለበት፤ ነፋሱ ደቡብ ምዕራብ ደረጃ 4 ሲሆን ይመለሱበት።

ደረጃ 6፦ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

1. ደፉ 13:45 ይከፈታል። መድረሻ ሰዓትዎን ከ14:00 እስከ 16:30 ባለው መካከል ያድርጉ።
2. ከጫፉ እስከ ደፉ 12 ማይል ነው። 5 ኖት ከ1.5 ኖት ፍሰት ጋር 6.5 ኖት፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው።
3. ጫፉን ፍሰቱ በሚዞርበት ሰዓት፣ 12:15 ላይ ይለፉ። ደፉ ላይ 14:05 ይደርሳሉ።
4. እስከ ጫፉ 20 ማይል ነው። 5 ኖት ሲቀነስ 1 ኖት፣ 4 ኖት፣ ማለትም 5 ሰዓት ነው። መነሻዎ 07:15 ነው።

አሁን «ለምን 09:00 አንነሣም?» ለሚለው መልስ አለዎት። 09:00 ቢነሡ ጫፉ ላይ 13:15 ይደርሳሉ፤ ፍሰቱ እየበረታ ነው፣ ነገር ግን ነፋሱ ከኋላ ከሆነ ያልፋሉ። 12:00 ቢነሡ 15:05 ላይ፣ ፍሰቱ በጣም በበረታበት ሰዓት ይደርሳሉ። የመጀመሪያው መዘግየት ነው፤ ሁለተኛው ነፋሱ ከዞረ አደጋ ነው። የሁለቱንም ስሌት አስቀድመው ይጻፉ፤ ጠዋት አንድ ሰው ሲዘገይ የሚከራከሩበት ጊዜ አይኖርም።

ደረጃ 7፦ የሚያዝበትን አቅጣጫ ያውጡ

ፍሰቱ ከጎን በሚመጣበት ክፍል፣ ለምሳሌ የባሕረ ሰላጤ አፍ ሲያቋርጡ፣ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ መድረሻው ማዞር ዒላማውን ያስታል። ከመነሻው ነጥብ የአንድ ሰዓቱን ፍሰት ይሳሉ፤ ከፍሰቱ መጨረሻ የጀልባዋን የአንድ ሰዓት ርቀት በካርታ መለኪያው ከፍተው የጉዞውን መስመር እስኪነካ ያዙሩ። ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር የሚያዝበት አቅጣጫ ነው። ወደ 090 (በኮምፓስ ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ) የምትሄድ ባለ 5 ኖት ጀልባ 2 ኖት ወደ ደቡብ የሚሄድ ፍሰት ቢገጥማት፣ ወደ 066 ገደማ መያዝ አለባት፤ መሬት ላይ የሚለካው ፍጥነቷም 4.6 ኖት ይሆናል። ነፋስ ከሰሜን ከሆነ ለመንሸራተቷ 5 ዲግሪ ያህል ወደ ነፋሱ ይጨምሩ፤ ከዚያ የኮምፓሱን መዛባት ያስተካክሉ።

ደረጃ 8፦ መሸሻና የውሳኔ ነጥብ

ለእያንዳንዱ በር አንድ መሸሻ ይምረጡ። መሸሻው ሊመጣ ባለው ነፋስ የሚገባበትና በዚያ ሰዓት ውኃ ያለው መሆን አለበት። ነፋስ በቀጥታ የሚገባበት የወንዝ አፍ በሽሽት ሰዓት መሸሻ አይደለም፤ የሚወጣው ውኃና የሚገባው ሞገድ ደፉ ላይ ይጋጫሉ። ምንም ካልተገኘ፣ መሸሻው የተነሡበት ወደብ ነው።

የውሳኔ ነጥቡን ከበሩ በፊት፣ መመለስ ገና ቀላል በሆነበት ቦታ ያድርጉት። በምሳሌያችን ከጫፉ 5 ማይል በፊት፣ 11:00 ላይ ነው። በወረቀቱ ላይ እንዲህ ይጻፉ፦ «እስከ 11:45 ካልደረስን፣ ወይም ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ከ17 ኖት ካለፈ፣ እንመለሳለን።» የደከመና የበረደው ሰው አዲስ መስፈርት አያወጣም፤ የተጻፈውን ግን ያነባል።

ዕቅዱን በአንድ ገጽ ገልብጠው ውኃ በማያስገባ ነገር ሸፍነው መሪው አጠገብ ያኑሩ፤ ሁለተኛውን ቅጂ መቼ ለእርዳታ እንደሚደውል ከተነገረው ሰው ጋር የብስ ላይ ይተዉ።

በጉዞ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ

*ከዕቅዱ ወደ ኋላ ከቀሩ።* በየሰዓቱ ጂፒኤሱ የሚያሳየውን ፍጥነት በውኃ ውስጥ ካለው ፍጥነት ጋር ያነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ፍሰቱ ነው። በ4 ፈንታ 3 ኖት ካዩ፣ ወደ ዳርቻው ጥልቀቱ በሚፈቅደው መጠን ይጠጉ፤ ተቃዋሚ ፍሰት ባሕረ ሰላጤዎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይደክማል። አማካዩ ከ4 ኖት በታች ከወረደ ሞተሩን አሁኑኑ ያስነሡ፤ ጫፉ ላይ ሆነው የሚያስነሡት ሞተር የጠፋውን ሰዓት አይመልስም።

*ቀድመው ከደረሱ።* ሸራ ያሳጥሩ። በተዘጋ ደፍ ፊት ከመመላለስ ይልቅ፣ ውጭ መልሕቅ ጥሎ መጠበቅ ይሻላል።

*በሩ ካመለጠ።* ስድስት ሰዓት ያህል መጠበቅ ወይም መመለስ ነው፤ ሦስተኛ መንገድ አይፈልጉ።

*ፍሰትና ነፋስ ከተፋጠጡበት ውኃ ውስጥ ከገቡ።* ሁሉም ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስና ራሱን በገመድ ይሰር፤ የመውረጃውን በር ይዝጉ፤ ሸራውን ያሳንሱ፣ ግን መሪው እንዲታዘዝ በቂ ፍጥነት ይጠብቁ። የተሰበረው ውኃ ብዙውን ጊዜ ከጫፉ በተወሰነ ርቀት ያበቃል፤ ወደ ክፍት ባሕር ዞረው ይውጡ።

*ጭቃ ወይም አሸዋ ከነኩ።* በመጀመሪያ ውኃው እየሞላ ወይስ እየሸሸ እንደሆነ ይናገሩ፤ መልሱ ቀጣዩን ሁሉ ይወስናል። እየሞላ ከሆነ ሸራ ያውርዱ፣ ነፋሱ ይበልጥ ወደ ጥልቀት አልባው እንዳይገፋት መልሕቅ ይጣሉ፣ ይጠብቁ። እየሸሸ ከሆነ ያለዎት ደቂቃ ነው፦ ሰዎችን ወደ አንድ ጎን አስደግፈው ጀልባዋን ያዘንብሉ፣ በመጡበት አቅጣጫ በሞተር ይሞክሩ። ካልተነሣች ምሰሶዋ ወደ ጥልቀት አልባው ወገን እንዲያዘነብል አድርገው መልሕቁን በትንሿ ጀልባ ወደ ጥልቁ ያውጡ፤ የሚመለሰው ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ መስኮቶቹንና የውኃ መውጫ ቫልቮቹን ይዝጉ። የባሕር ሞገድ ካለ ወይም ውኃ ከገባ፣ ሳይዘገዩ በቪኤችኤፍ ሬዲዮ ቻናል 16 ይጥሩ።